የፈቃዱን ወረቀት ራሳችን እናንብበው

(ይህ ጽሑፍ በሬድዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር ሲሆን ለአንባቢያን እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ ቀርቧል።)



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ለዛሬው ንግግራችን ምክንያት የሆነን አንዲት እህት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥታ ያጫወተችን ታሪክ ነው። እህታችንና ወንድሞቿ እናታቸውን ዑምራ ለማስደረግ አራት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ቆዩ። አንዱ ከደመወዙ፣ አንዷ ከዕቁቧ፣ ዱባይ ያለችው ታናሽ እህታቸውም ከላቧ እየቀነሰች አዋጡ። እናት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ጎረቤት ተጠርቶ ዱዓእ ተደረገላቸው፤ «እኛንም በዱዓእ አይርሱን» ያላለ ሰው አልነበረም። በጉዞው ቀን ቤተሰቡ በሁለት መኪና ሆኖ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኛቸው።

ሻንጣቸውን ሊያስረክቡ ሲቀርቡ ግን ሠራተኛዋ ወረቀቱንና ፓስፖርቱን ደጋግማ አየችና፣ «እናቴ፣ ቪዛው ላይ ያለው ቁጥርና የያዙት ፓስፖርት ቁጥር አንድ አይደለም፤ ልናሳፍርዎ አንችልም» አለቻቸው። ነገሩ ሲጣራ፣ የእናት የድሮ ፓስፖርት ውሃ ገብቶበት ስለተበላሸ ከወራት በፊት በአዲስ ተተክቷል። ልጆቹ ለጉዞ ወኪሉ የሰጡት ግን ቀደም ብሎ የተነሳውን የድሮውን ኮፒ ነበር። ወኪሉ ዋናውን ፓስፖርት አምጡ ብሎ አላስተያየም። ልጆቹም ቪዛው ሲመጣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰ» ብለው አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ከተቱት እንጂ አላነበቡትም።

እናት በዚያው ምሽት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ልጃቸው ቤት ተመለሱ። «ኸይር ነው፤ አላህ ያላለው አይሆንም» እያሉ ልጆቻቸውን ያጽናኑ የነበሩት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። የትኬቱ ገንዘብ አልተመለሰም። ቪዛው እንደገና ተጠይቆ፣ እንደገና ተከፍሎ፣ እናት የሄዱት ከሁለት ወር በኋላ ነው። «እማ ሄዳ ተመልሳለች፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ፊቷን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል» አለችን እህታችን።

ውድ አድማጮች! የእናት መልስ የሙእሚን መልስ ነው። በቀደር ማመን ከእምነታችን መሠረቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ሰበብን ማድረስም የታዘዝንበት ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው፣ መጀመሪያ እንዲያስራትና ከዚያ በአላህ እንዲመካ እንደመከሩት ሁላችንም የምናውቀው ነው። በዘመናችን ወደ ባዕድ አገር ለሚሄድ ሰው ግመሏን ማሰር ማለት፣ በስሙ የወጣውን የፈቃድ ወረቀት ራሱ፣ ወይም ማንበብ በሚችል የቅርብ ሰው፣ ከፓስፖርቱ ጋር ቃል በቃል ማስተያየት ነው። ዛሬ የምናወራችሁ ስለዚሁ ነው።

በኢንተርኔት የሚሰጥ ፈቃድ ምንድን ነው?

ድሮ ቪዛ ሲባል ሰዉ ፓስፖርቱን ይዞ ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ፣ በፓስፖርቱ ገጽ ላይ ማኅተም የሚመታበት ወይም ወረቀት የሚለጠፍበት ነገር ነበር። ዛሬ ብዙ አገሮች ይህንን ትተው ተጓዡ ገና ከቤቱ ሳይነሳ በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ ፈቃድ እንዲያገኝ ያደርጋሉ። አውስትራሊያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የጉዞ ፈቃድ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አሜሪካ ያለ ቪዛ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው አገሮች ዜጎች ሳይቀሩ አስቀድመው በኢንተርኔት ፈቃድ እንዲይዙ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2009 ጀምሮ አስገደደች። ካናዳ በ2016፣ እንግሊዝ በ2023 ከቀጠር ዜጎች ጀምራ፣ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በጃንዋሪ 2024 በዚሁ መንገድ ገቡ። አገራችንም ከጁን 2018 ጀምሮ ለውጭ አገር ጎብኚዎች ቪዛ በኢንተርኔት ትሰጣለች።

ሳዑዲ ዐረቢያ በኢንተርኔት የሚሰጥ የቱሪስት ቪዛ የከፈተችው በሴፕቴምበር 27 ቀን 2019 ነው። በመጀመሪያ ዕድሉ የተሰጠው ለ49 አገሮች ዜጎች ሲሆን አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝና ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ይገኙበታል። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዑምራ ለወራት ተቋርጦ በኦክቶበር እንደገና ሲከፈት፣ ወደ ሐረም የሚገባው ሰው በስልኩ ቀጠሮ እንዲይዝ ተደረገ። ከዚያም በሴፕቴምበር 2022 «ኑሱክ» የተባለው መድረክ ተቋቋመ። አሁን የዑምራ ቀጠሮም፣ በመዲና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ ወደ ረውዷ ለመግባት የሚያስፈልገው ፈቃድም የሚያዘው በኑሱክ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተጓዦች እንዳሉ ልብ እንበል። አንደኛው በውጭ አገር ፓስፖርት የሚጓዘው ወገናችን ነው። የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ወንድማችን ከቤቱ ቁጭ ብሎ ቅጹን በስልኩ ሞልቶ ከሐጅ ወቅት ውጭ በዚያው የቱሪስት ቪዛ ዑምራ ማድረግ ይችላል። ሁለተኛው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአገር ቤት የሚነሳው ነው። እርሱ በአብዛኛው የሚሄደው በጉዞ ወኪል በኩል ነው፤ ወኪሉ ከሳዑዲው የዑምራ ድርጅት ጋር ሆኖ ማረፊያውንና መጓጓዣውን አያይዞ ቪዛውን በኢንተርኔት ያወጣል። ቅጹን የሚሞላው ሌላ ሰው ስለሆነ ተጓዡ ምን እንደተጻፈ አያይም። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በኤሌክትሮኒክ የሚሰጠው ፈቃድ የሚታሰረው ከፊታችን ወይም ከስማችን ጋር ብቻ ሳይሆን ከፓስፖርት ቁጥራችን ጋር ነው። ፓስፖርት ከተቀየረ የድሮው ፈቃድ ለአዲሱ ፓስፖርት አይሠራም። ደሴ የመጡት እናታችን የተመለሱት በዚህ ነው። እንዲሁም ፈቃዱ አውሮፕላን ላይ ያሳፍረናል እንጂ መግባታችንን አስቀድሞ አያረጋግጥም፤ በየትኛውም አገር የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው በመግቢያው ላይ ያለው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በቅጹ ላይ የተጻፈውና እኛ በቃል የምንናገረው አንድ መሆን አለበት።

ከሑደይቢያ የምንማረው

አንዳንድ ወንድሞች «ወደ አላህ ቤት ለመሄድ የሰው ፈቃድ ምን ያደርጋል?» ሲሉ ይሰማል። መልሱን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ እናገኘዋለን።

በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ ሺህ አራት መቶ ከሚሆኑ ባልደረቦቻቸው ጋር ኢሕራም አድርገው ለዑምራ ወጡ። ቁረይሾች ግን መካ እንዳይገቡ ሑደይቢያ ላይ አገዷቸው። በሱሀይል ኢብን ዐምር አማካይነት ስምምነት ተጻፈ። በስምምነቱም ሙስሊሞቹ በዚያ ዓመት ተመልሰው በሚቀጥለው ዓመት እንዲመጡና በመካ ሦስት ቀን ብቻ እንዲቆዩ ተወሰነ። ሰነዱ ሲጻፍ ሱሀይል «የአላህ መልእክተኛ» የሚለውን አልቀበልም ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በስማቸውና በአባታቸው ስም እንዲጻፍ ተስማሙ። ነገሩ ለሶሓቦች እጅግ ከብዷቸው ነበር፤ ካዕባ አጠገብ ደርሶ መመለስ ቀላል አልነበረምና።

በተከታዩ ዓመት፣ በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በስምምነቱ መሠረት መካ ገብተው ዑምራቸውን ፈጸሙ። ሦስቱ ቀን ሲሞላ ቁረይሾች የመውጫው ጊዜ መድረሱን አሳሰቡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ቃላቸውን ጠብቀው ወጡ።

እንግዲህ አስቡት! ከተማዪቱ የተወለዱባት ከተማ ናት፤ ቤቱ የአላህ ቤት ነው፤ ከፊታቸው ያለው ወገን ሙሽሪክ ነው። ይህም ሆኖ የተስማሙበትን የቀን ገደብ አላለፉም። ታዲያ እኛ ወስነንና ፈርመን የወሰድነውን የሠላሳ ቀን ወይም የዘጠና ቀን ፈቃድ የምናልፍበት ምን ምክንያት አለን? ቅጹን ስንሞላ «ለዑምራ እሄዳለሁ፤ በጊዜው እመለሳለሁ» ብለናል። ይህ ቃል ነው። የሙእሚን ቃል ደግሞ አማና ነው።

ስሕተት የሚበዛባቸው ቦታዎች

ከተጓዦችና ከቤተሰቦቻቸው ከሰማነው፣ ለጣጣ የሚዳርጉት ስሕተቶች ከአምስት ወይም ከስድስት አይበልጡም። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። እኛ የምንጠራው በስማችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። የውጭ ቅጾች ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ቅጽ ሞይ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፤ ሌላው የአያትን። በዚህ ላይ ሙሐመድ የሚለው ስም ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል! አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው ላይ በሁለት፤ አንዱ ላይ በ«ኦ»፣ ሌላው ላይ በ«ዩ»። መፍትሔው አንድ ነው፤ ትክክል መስሎ የሚታየንን ሳይሆን ፓስፖርቱ ላይ ያለውን እንደወረደ መጻፍ። በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። የአየር ማረፊያው መሣሪያ የሚያነበው እነዚያን ነው። ስሙ እዚያ እንደተጻፈው ቪዛውም፣ ትኬቱም መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። የእኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር ልዩነት አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት ዓመት ይሆናል። በ1960 ዓ.ም. በጥቅምት የተወለዱ እናት በፈረንጆቹ 1967 ነው የተወለዱት፤ በዚያው ዓመት በጥር የተወለዱ ከሆነ ግን 1968 ይሆናል። «ሰባት ደምረህ ጻፍ» የተባለ ልጅ በቀላሉ ይሳሳታል። ቀኑና ወሩም ይገለባበጣል፤ በአሜሪካኖች ልማድ ወር ከቀን ይቀድማልና 05/08 ሲጻፍ ሜይ 8 ይሁን ኦገስት 5 አይለይም። እዚህም ላይ ደንቡ ያው ነው፤ ራሳችን እያሰላን ሳይሆን ከፓስፖርቱ ላይ እያየን እንጻፍ።

ሦስተኛው የፓስፖርት ቁጥር ነው። ዜሮን «ኦ» ከሚለው ፊደል ጋር፣ አንድን «አይ» ከሚለው ፊደል ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ቁጥሩን አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ሌላው ከቪዛው ላይ በጣቱ እየተከተለ ቢያስተያዩት ጥሩ ነው። ኮፒ የሚነሳውም ምንጊዜም አሁን ከሚሠራው ፓስፖርት ላይ ይሁን፤ የድሮውን ኮፒ ከቤት ውስጥ አጥፉት።

አራተኛው የፓስፖርቱ ዕድሜ ነው። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ሊሆን ይገባል። ቀኑ ከተቃረበ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ማሳደስ፣ ከዚያ ቪዛ መጠየቅ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዞረ ሰው ሁለቴ ይከፍላል።

አምስተኛው በፈቃዱ ላይ ያሉትን ሁለት የተለያዩ ጊዜያት አለመለየት ነው። አንዱ ቪዛው እስከ መቼ ድረስ አገር ለመግባት እንደሚያገለግል የሚናገር ነው። ሌላው ከገባን በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደምንችል የሚናገር ነው። የመጀመሪያውን አይቶ «ገና ሁለት ወር አለኝ» የሚል ሰው የመቆያ ቀኑ አልፎበት ሊገኝ ይችላል። በሳዑዲ ሰነዶች ላይ የሂጅራው ቀን አብሮ ሊጻፍ ስለሚችል የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይተን እንያዝ።

ስድስተኛው የጤና ነገር ነው። ለዑምራም ሆነ ለሐጅ የሚሄድ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መውሰድ ይጠበቅበታል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል። የቢጫ ወባ ካርድ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ አንዴ የተሰጠው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ ክትባቱን ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየ ሰው ቪዛ ይዞም ሊጉላላ ይችላል።

ከወኪሉና ከደላላው ጋር

አድማጮቻችን! በሥራቸው አላህን የሚፈሩ፣ የሰውን ሐቅ የሚጠነቀቁ ብዙ የጉዞ ወኪሎች አሉ። አላህ ይጨምርላቸው። ነገር ግን በዚህ መካከል ቢሮ የሌለው፣ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ «በሦስት ቀን አወጣላችኋለሁ» እያለ ከቤት ቤት የሚዞር ደላላም አለ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ብድር መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ከሚያምኑት ሰው ጋር እንኳ ሲሆን መጻፍ ጥርጣሬን ያስወግዳል። ስለዚህ ከወኪሉ ጋር ስንዋዋል የቪዛው ዓይነት፣ የሆቴሉ ስምና ከሐረም ያለው ርቀት፣ የመመለሻው ቀን፣ ቪዛው ቢከለከል የሚመለሰው ገንዘብ በወረቀት ይስፈር። ኮፒ ብቻ ሰጥተን አንምጣ፤ ዋናውን ፓስፖርት አሳይተን በፊታችን እንዲያስተያይ እናድርግ። ቪዛው ሲወጣም «ወጥቷል» የሚል የስልክ መልእክት አይብቃን። ወረቀቱን እንቀበል።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ተጠንቀቁ። የመንግሥትን ገጽ መስለው የተሠሩ፣ ከመንግሥት ክፍያ በላይ የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች በየአገሩ ሞልተዋል። በኢንተርኔት ፍለጋ ላይ መጀመሪያ የመጣው ገጽ ብዙ ጊዜ ከፍሎ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የፓስፖርታችሁን ምስልና የባንክ ካርዳችሁን ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት አድራሻውን ከኤምባሲው ወይም ከሚኒስቴሩ አረጋግጡ። ለእናት አባታችሁ ከሩቅ ሆናችሁ የምትሞሉላቸው ከሆነ ደግሞ በስልክ ስማቸውን እየጠየቃችሁ አትጻፉ፤ የፓስፖርቱን ገጽ ጥርት ባለ ፎቶ አስልኩና ከዚያ ላይ ጻፉ።

የእያንዳንዱ ፈቃድ ወሰን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። እስካሁን የተናገርነው ስሕተት ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላል። አሁን የምንናገረው ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ማንኛውም ፈቃድ የሚያገለግለው ለተሰጠበት ነገር ብቻ ነው። የዑምራ ቪዛ ለዑምራ ነው፤ የጉብኝት ቪዛ ለጉብኝት ነው። ሐጅ የራሱ ቪዛና የራሱ ፈቃድ አለው። በአገራችን የሐጅ ጉዞ የሚካሄደው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በቀጥታ በኢንተርኔት እንዲመዘገቡ ተደርጓል። ይሁን እንጂ ወረፋውን መጠበቅ የከበደው፣ ወጪው የበዛበት ሰው በጉብኝት ቪዛ ገብቶ፣ እስከ ሐጅ ተደብቆ ቆይቶ፣ ዐረፋ ላይ ለመቆም ሲሞክር ይታያል። ደላላውም «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው» ይለዋል።

የ2024ቱ ሐጅ ያስተማረንን አንርሳ። በዚያ ዓመት ሐጁ የዋለው በጁን ወር በብርቱ ሙቀት ሲሆን በሐረም አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ የጤና ሚኒስትር ሐጁ ካለቀ በኋላ በሰጡት መግለጫ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም ውስጥ 83 በመቶ የሚሆኑት የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው መሆናቸውን ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች መጠለያና ማረፊያ ሳይኖራቸው በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሰብር ይስጥ።

ምክንያቱን እንረዳው። ፈቃድ ያለው ሑጃጅ በሚና ድንኳን አለው፣ አውቶቡስ አለው፣ ስሙ በመዝገብ ላይ ስላለ ሲታመም የት እንዳለ ይታወቃል። ፈቃድ የሌለው ግን ድንኳን የለውም፤ አውቶቡስ አይጭነውም፤ እንዳይያዝ ስለሚፈራ ሲታመም እንኳ እርዳታ ለመጠየቅ ይሸሻል። ወረቀቱ ለመንግሥት ቁጥጥር ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ጥላውም፣ ውሃውም፣ ሐኪሙም ከወረቀቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በ2025 የሐጅ ወቅት የወጣው ደንብ ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ በሞከረ ሰው ላይ እስከ 20,000 ሪያል፣ ሰዎችን በዚህ መንገድ ባስገባ፣ ባጓጓዘ ወይም ባስጠለለ ላይ እስከ 100,000 ሪያል የሚደርስ ቅጣት አስቀምጧል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም ሆነ ጊዜው ያለፈበት ሰው ከተያዘ ተባርሮ ለ10 ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። በዚያው ዓመት የዑምራ ተጓዦች እስከ ዙልቂዕዳ 1 ቀን ድረስ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ታዞ ነበር። እዚያ ያለ ዘመዱን «ና፣ እኔ ጋ ተደበቅ» የሚል ወንድም ዘመዱን የጠቀመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለቱንም ይጎዳል።

የሃይማኖቱንም ጎን ካየን፣ የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማኦች ምክር ቤት በ2024 ያለ ፈቃድ ወደ ሐጅ መሄድ እንደማይፈቀድና ይህን ያደረገ ኃጢአተኛ እንደሚሆን አስታውቋል። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ በቻለ ሰው ላይ ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ተመዝግቦ፣ ጥሮ፣ ተራው ያልደረሰው ሰው አልቻለምና አላህ ዘንድ ዑዝር አለው። ኒያው ደግሞ አይጠፋበትም። ታዲያ አላህ ያላስገደደንን ነገር ለመፈጸም ብለን መዋሸት፣ መደበቅና ነፍሳችንን ለሞት ማጋለጥ ከወዴት መጣ?

እዚህ ላይ ስለ እህቶቻችን አንድ ነገር እናስታውስ። የሳዑዲ የሐጅና ዑምራ ሚኒስትር በኦክቶበር 2022 ሴት ያለ መሕረም መምጣት እንደምትችል አስታውቀዋል። ይህ የቪዛውን ደንብ የሚመለከት ነው። የሸሪዓውን ሑክም በተመለከተ ግን ዑለማኦች የተለያየ አቋም ስላላቸው፣ እህቶች ከመመዝገባቸው በፊት የሚያምኗቸውን ዓሊም ይጠይቁ። ቪዛ ፈቀደ ማለት ጥያቄው ሁሉ ተመለሰ ማለት አይደለም።

ከመነሳት በፊት ባለው ሳምንት

ጉዞው ሲቃረብ ቤተሰቡ አንድ ምሽት ይሰብሰብ። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ ትኬቱና የክትባት ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። ማንበብ የሚችለው ልጅ ያንብብ፤ ሌላው ይከተል። ስም ከስም፣ ቁጥር ከቁጥር፣ ቀን ከቀን ይተያይ። ስሕተት ከተገኘ አንድ ሳምንት ሲቀር ሊታረም ይችላል፤ ቦሌ ደርሶ ግን አይታረምም። ቪዛው በሁለት ኮፒ ይታተም፤ አንዱ በተጓዡ ቦርሳ፣ ሌላው በቤት ይቀመጥ፤ ፎቶውም ስልክ ላይ ይኑር። የስልክ ባትሪ ያልቃል፤ ወረቀት ግን ባትሪ አይፈልግም።

አረጋዊ እናት ወይም አባት የሚሄዱ ከሆነ በአማርኛና በዐረብኛ ስማቸው፣ የሆቴላቸው ስም፣ የወኪሉና የቤተሰቡ ስልክ የተጻፈበት ካርድ አንገታቸው ላይ ይንጠልጠል። የኑሱክን ቀጠሮ ራሳቸው መያዝ ስለማይችሉ የረውዷውን ቀጠሮ ማን እንደሚይዝላቸው አስቀድሞ ይታወቅ። ወኪሉ ካልሆነ አብሯቸው የሚጓዝ ወጣት ኃላፊነቱን ይውሰድ።

በመጨረሻም የኢሕራም ነገር። ልብሱን ከቤት መልበስ ይቻላል፤ ኒያውን ግን ጉዳያችን ሁሉ ተጠናቆ አውሮፕላን ውስጥ ከገባን በኋላ፣ ሚቃቱ ከመድረሱ በፊት ብናደርገው ይሻላል። ኒያ አድርጎ የገባበትን ሰው እንደ ተራ መንገደኛ «ተመለስ» ቢሉት እንዲሁ ልብሱን አውልቆ አይተወውም፤ የታገደ ሰው የራሱ ሑክም አለው። በዚህ ምክንያት ችግር የሚፈራ ሰው ኢሕራም ሲያደርግ «የሚያግደኝ ነገር ከመጣ በታገድኩበት ቦታ እፈታለሁ» ብሎ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ እንደሚችል ዑለማኦች አስተምረዋል። ዝርዝሩን ከመስጂዳችሁ ኡስታዝ ጠይቁ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ወደ ደሴዋ እናታችን እንመለስና ንግግራችንን እንቋጭ። ሁለተኛው ጉዞ በመጣ ጊዜ ልጃቸው ወረቀቱን ስታነብ እናት አጠገቧ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን የፓስፖርታቸውን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች በቃላቸው ይዘው ነበር። ልጅቷ ስትጨርስ «አራቱን ቁጥር በዪ እስቲ» አሏት። አለችላቸው። «እንግዲህ አሁን ቢስሚላህ» ብለው ተነሱ።

ፊደል ያልቆጠሩ እናት ይህን ካደረጉ፣ እኛ የተማርነው ምን ማመካኛ አለን?

አላህ (ሱ.ወ.) ለተነሱት መንገዳቸውን ያግራላቸው፤ ለነየቱት ይወፍቃቸው፤ ሄደው የተመለሱትንም መብሩር ያድርግላቸው። ለዛሬ እዚህ ላይ እናበቃለን። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ፣

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!